የሳይረኑ እጀታ በልጅ እጅ

ጡረታ ስወጣ ጎረቤቶቼ ዶሮ ታረባለች ብለው ነበር የጠበቁኝ። እኔ የያዝኩት ሥራ ግን አሮጌ የአምቡላንስና የፖሊስ መኪና ሳይረን፣ እንዲሁም ጣሪያቸው ላይ የሚሽከረከረውን መብራት ፈትቶ መጠገን ነው። ለገበያ አይደለም፤ ለራሴ ደስታ ነው። የቆቦ ጋራዥ ልጆች መጀመሪያ ላይ፣ «ሲስተር፣ ይሄ እኮ የቁራሌው ነው፤ ምን ያደርግልዎታል?» ይሉኝ ነበር። አሁን አሮጌ መኪና ሲፈታ ራሳቸው ይደውሉልኛል። አንደኛውማ «የእርስዎ ጩኸት መጥቷል» ብሎ ነው የሚጠራኝ።

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ያን ድምፅ ከውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ከመኪናው ኋላ ተቀምጦ፣ በአንድ እጅ ግሉኮስ፣ በሌላው የወላዷን እጅ ይዞ የሚሰማ ሳይረን መንገድ ዳር ቆሞ ከሚሰማው ይለያል። ውስጥ ላለ ሰው ድምፁ «እየሄድን ነው» ማለት ነው። የሚያስደነግጠው ድምፁ ሲቋረጥ ነው፤ ወይ ደርሰናል፣ ወይ መቸኮሉ ከእንግዲህ አያስፈልግም።

ጓሮዬ ባለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ዛሬ አምስት ዕቃ አለኝ። አንደኛው በእጅ የሚዞር ሳይረን ነው፤ ሦስት እግር ያለው፣ ድሮ መጋዘንና ካምፕ ውስጥ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ የነበረ ዓይነት። ከተወገደ ንብረት ከገዛ ነጋዴ ወልድያ ላይ ነው ያገኘሁት። ሁለተኛው ከአሮጌ ላንድሮቨር የወጣ ባለ 12 ቮልት የሞተር ሳይረን ነው። ሁለት የሚሽከረከሩ መብራቶች አሉኝ፤ አንደኛው የጀርመኑ ኸላ ሥሪት ነው። አምስተኛው ከላንድክሩዘር አምቡላንስ የተረፈ የኤሌክትሮኒክስ ሳይረን ነው፤ እሱ ማጉያና ድምፅ ማጉሊያ ያለው ሣጥን ስለሆነ ብዙም አያጓጓኝም። የሚፈታ ነገር የለውም።

የእጁ ሳይረን ሲመጣ እጀታው ንቅንቅ አይልም ነበር። ግራሶው ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል፤ ኩሽኔታው ዝጓል። ሁለት ቀን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከርኩት። ከዚያ ጥርሶቹን በጥርስ ብሩሽ እያጠብኩ፣ ቪቴዎቹን አንድ በአንድ በካቻቪቴ ስፈታ ሳምንት ወሰደብኝ። አንድ ቪቴ አልወጣ ሲል መምታት አይገባም፤ ዘይት ጠብ አድርጎ ማደር ነው። ይህን ትዕግሥት የነርስነት ሥራ አስተምሮኛል፤ የተጣበቀ ፋሻ በውኃ ይርሳል እንጂ አይጎተትም። የላንድሮቨሩ ሞተር ችግር ደግሞ ካርቦኑ ማለቁ ነበር። ልኩ ገበያ ላይ ስለሌለ የመኪና ሞተሪኖ ካርቦን ገዝቼ በብርጭቆ ወረቀት እየሞረድኩ አስገባሁት። ሽቦውም ወፍራም መሆን አለበት፤ የዚህ ዓይነት ሞተር ሲነሳ ብዙ አምፔር ይጠጣል። የእሳት አደጋ መኪና ትልልቆቹ ሳይረኖች 100 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባሉ።

ሳይረን ሲባል ውስጡ የሚጮህ ነገር ያለ ይመስላል። የለም፤ የሚጮኸው አየሩ ነው። ውስጥ ያለው ከበሮ ክንፎች አሉት፤ ሲዞር በመሃሉ አየር ይስብና ወደ ዳር ይወረውረዋል። ዙሪያውን የከበበው ቋሚ ቤት ደግሞ መስኮቶች አሉት። ክንፉ መስኮቱን ሲያልፍ አየሩ ይወጣል፣ ሲጋርደው ይቋረጣል። ይህ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲሆን ጆሯችን እንደ አንድ ረጅም ድምፅ ይሰማዋል። መስኮቶቹ 10 ቢሆኑና ከበሮው በሰከንድ 50 ጊዜ ቢዞር አየሩ 500 ጊዜ ይቆረጣል። ዙሩ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው ዋይታ ከፍጥነቱ መጨመር በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ሻርል ካኛር ደ ላ ቱር ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1819 የሠራው መሣሪያ ውኃ ውስጥም ይጮህ ስለነበር በግሪኮች ተረት መርከበኞችን በዘፈን የሚያማልሉትን የባሕር ሴቶች ስም ሰጠው። ለማማለል የተሰየመ ነገር ዛሬ «ዞር በሉ» ሲል መዋሉ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

አሁን ወደከበደኝ ጉዳይ ልግባ። ቆቦ ላይ ሳይረን ማስጮህ እንደ ሌላው ከተማ አይደለም። ጦርነቱ በ2013 ክረምት፣ ከዚያም በ2014 መጨረሻ ላይ ከተማችን ድረስ መጥቷል። ያንን ያለፉ ልጆች ጆሮ ከእኛ ጆሮ ይለያል። ያኔ የአራት ዓመት ልጅ የነበረችው የልጅ ልጄ አምቡላንስ በአስፋልቱ ሲያልፍ አልጋ ሥር ትገባ ነበር። ነፋስ የቆርቆሮ በር ሲያጋጭ እንኳ ትንቀጠቀጣለች። እናቷ የእጁን ሳይረን ባየች ቀን፣ «እማዬ፣ በእመቤቴ ይሄን ነገር ከዚህ ቤት አውጪልኝ» አለችኝ። የእናት ልብ ነው፤ አልተከራከርኩም። በጆንያ ጠቅልዬ ቆጥ ላይ አስቀመጥኩት። ወራት አለፉ።

ያገኘችው ልጅቷ ራሷ ናት። የእንቁላል ቅርጫት ፈልጋ ስትወጣ ጆንያውን ፈታች። ስደርስ ፊቱ ቆማ ታየዋለች።

«እሙዬ፣ ይሄ ነው የሚጮኸው?»

«አዎ። የሚያዞረው ሰው ከሌለ ግን አይጮህም።»

«ማንም ካላዞረውስ?»

«ማንም ካላዞረው ብረት ነው።»

በዚያ ቀን ሌላ አልተባለም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን «ብረቱን እንጠበው?» ብላ መጣች። እናቷን አስፈቀድን። ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ድምፅ ሠራን፤ ከበሮው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ነበርና ቢፈለግም አይጮህም። ክንፎቹን በጨርቅ ወለወለች፣ መስኮቶቹን ቆጠረች፣ በጣቷ እያዞረች «ይሄኛው ይዘጋል፣ ይሄኛው ይከፍታል» ትላለች። ገጥመን ስንጨርስ እጀታውን ለእሷ ሰጠኋት። እኔ አልነካሁትም። ቀስ ብላ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ስታዞረው ጥጃዋን እንደምትጠራ ላም ያለ ወፍራም ድምፅ ወጣ። ደንግጣ ለቀቀችው። ድምፁ ወረደ፣ ወረደና ጠፋ። ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ ነኝ ያቆምኩት?»

«አንቺ ነሽ።»

ፍርሃቱ በዚያ ቀን ተቆርጦ ወደቀ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እስከ ዛሬም አምቡላንስ ስትሰማ እጄን ጥብቅ ታደርጋለች። ግን አልጋ ሥር መግባት ቀርቷል፤ እስከ አጥሩ በር ወጥታ ታያለች። አንድ ቀን፣ «ማንን ይዞ ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ድምፁ ለእሷ የሚመጣባት ነገር መሆኑ ቀርቶ ሰው የተሳፈረበት መኪና ሆነ። እናቷም ያን ቀን ሰምታ ዝም አለች።

ይህን ያየች ጎረቤት ልጇን ይዛ መጥታ «ለእሱም አስጩሂለት፣ ይለምደው» ብላኝ ነበር። ልጁ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ መግባት አልፈለገም። እኔም ሳይረኑን በጨርቅ ሸፍኜ ሻይ አፈላሁ። ልጅን በድንገት አስጩሆ «አየህ፣ ምንም አይደለም» ማለት ፍርሃቱን ያጸናዋል። የሚረዳው ቀስ በቀስ መቅረቡና ማቆሚያው በልጁ እጅ መሆኑ ነው። «በቃኝ» ሲል ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል፤ አንዴ ካታለልነው ሁለተኛ አያምነንም። ከክፉ ነገር በኋላ ለጥቂት ሳምንት መደንገጥ በማንኛውም ልጅ ላይ የሚታይ ነው። ቅዠቱ፣ ለቆ የነበረው የአልጋ ላይ ሽንት መመለሱ፣ ከሰው መሸሹ፣ ትምህርት እምቢ ማለቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ግን ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» እያልን ዓመት የምናሳልፈው እኛ ነን። ጠበልም ሆነ ዱዓው አይከልከል፤ ከሐኪም ጋር አይጣላም።

የልጅ ልጄ ጥያቄ አያልቅባትም። ቀጥላ፣ «ድሮ ሳይረን ሳይኖር በምን ትጣሩ ነበር?» አለችኝ። በጡሩምባና በእሪታ ነዋ! በእኛ አገር የቅሬው ጡሩምባ ሌሊት ሲነፋ ሰው ሁሉ ከመኝታው ቀና ብሎ ስሙን እስኪሰማ ጆሮውን ይጥላል። እሳት ሲነሳ ወይም ጎርፍ ሲመጣ ሴቶች እሪ ይላሉ፤ ከዞብል ሥር እስከ ሜዳው አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ይሄዳል። የታመመ ሰው የሚጓዘው በቃሬዛ ነው። ወጣቶች እየተቀያየሩ ተሸክመው አስፋልት ድረስ ያወጡታል። ወላድ ተሸክመው ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው የሚያደርሱልን ሰዎች ትከሻቸው ቆስሎ አይተን እነሱንም አብረን እናክም ነበር።

የሐኪም መኪና በእኛ መንገድ ማለፍ የጀመረው ግን ትናንት አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ሲቋቋም ወረራው ደጃፍ ላይ ነበር። በ1928 ደሴ ኅዳር 26 በአውሮፕላን ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው ሆስፒታል አልተረፈም። ዶክተር ጆን ሜሊ የሚመሩት የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድንም ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ወጥቶ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1928 ቆረም አጠገብ በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደበ። ዶክተሩ ከዚያ ተርፈው አዲስ አበባ ገቡ፤ ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ሰሞን በነበረው ዘረፋ ቁስለኛ ሲያነሱ ተመትተው ሞቱ። ለልጅቷ ይህን ሳጫውታት «ምልክቱን አላዩትም?» አለች። አይተውታል አልኳት።

ሳይረን ያለው አምቡላንስ ለየወረዳው የደረሰው በእኔ የሥራ ዘመን ነው። ከ2003 ወዲህ ባሉት ዓመታት መንግሥት ላንድክሩዘር አምቡላንሶችን ለወረዳዎች ሲያከፋፍል፣ ዋናው ሐሳብ ወላድን ማድረስ ነበር። ባለሙያዎች እናትን የሚገድሉት ሦስት መዘግየቶች ናቸው ይላሉ፤ ቤት ውስጥ «እንሂድ» ለማለት መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ጤና ተቋም ደርሶ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ሳይረኑ የሚረዳው ለሁለተኛው ብቻ ነው፤ ለእሱም በከፊል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ላይ ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ መኪና ወንዙ ሞልቶበት ዳር ላይ ቢቆም ጎሊና ለሳይረን አይሰማም። አስፋልቱ ላይ ግን ይሰማል፤ በተለይ መስከረምና ጥቅምት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሲቆም ከመታጠፊያው የሚወጣው ግመል ነጂ መኪናውን ከማየቱ በፊት የሚያገኘው ድምፁን ነው። በገበያ ቀን ባጃጁ፣ አህያው፣ ጋሪው በአንድ ጊዜ ሲከፈል አይቻለሁ። እንደ ባሕረ ኤርትራ ነበር የሚመስለኝ።

ለዚህ ነው አንድ ነገር የሚያናድደኝ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡ ትንንሽ ሳይረኖችን ለሰርግ አጀብ፣ ለባጃጅ ማሳመሪያ የሚገጥሙ አሉ። ቤተሰብም «ያምራል» ብሎ ይስቃል። ሰው ሦስት ጊዜ ለሙሽራ ከተከፈለ አራተኛውን ዞር ብሎ አያይም፤ አራተኛው ውስጥ ያለችው ግን ደም እየፈሰሳት ይሆናል። እኔ የጠገንኳቸውን አንዱንም መኪና ላይ አላስገጥምም፤ ጠይቀውኝ ያውቃሉ፣ ገንዘብም አቅርበውልኛል። የትራፊክ ሕጉም ቢሆን ለአደጋ ጊዜ መኪና እንጂ ለማንም አይፈቅደውም። ልጆቻችሁን የምታስተምሩትም ቀላል ነው፤ ሳይረን ሲሰማ ከመንገድ ወጥቶ ዳር መቆም፣ መኪናው ካለፈ በኋላም ከኋላው ሌላ ሊመጣ ስለሚችል ቶሎ አለመሻገር።

ቆማ ስትሰማ የልጅ ልጄ አንድ ነገር አስተውላለች፤ «ሲመጣ ቀጭን ነው፣ ሲሄድ ይወፍራል» አለችኝ። ይህን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842 የጻፈው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ነው። ወደ እኛ የሚመጣ ነገር የድምፁን ሞገዶች ከፊቱ ያጨናንቃቸዋል፣ ሲርቅ ደግሞ ያሰፋቸዋል። በ1845 ኔዘርላንድ ውስጥ ነገሩ እውነት መሆኑን ያረጋገጡት ጡሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ ጭነው ነው! ይህን ስነግራት የቅሬያችንን ጡሩምባ ነፊ ባጃጅ ላይ አሳፍረን እንሞክረው ካላለች አልለቅሽ አለችኝ። ሽማግሌውም ፈቅደዋል፤ ሰው እንዳይደነግጥ ብለን ነው እስካሁን ያዘገየነው።

እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ከልጅ ጋር ለመሥራት ለሚያስብ ሦስት ነገር ልበል። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ ልጅ አእምሮ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም። ስለዚህ ቀለም የምፋቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ብረቱን አርጥቤ፣ ልጆች በሌሉበት። ቅራፊውን ሰብስቤ አስወግዳለሁ፤ ዶሮ የሚጭርበት አፈር ላይ አልጥለውም። ሁለተኛው ጆሮ ነው። 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የአምቡላንስ ሳይረን በቅርብ ከ110 ያልፋል። የእጁን ሳይረን በዝግታ እንጂ በሙሉ ኃይል አናዞረውም፤ የሞተሩን ስሞክር ልጆች ቤት ይገባሉ፣ እኔ ጆሮዬን እደፍናለሁ፣ ጎረቤትም አስቀድሞ ይነገረዋል። ሦስተኛው ብልጭታ ነው፤ የሚጥል በሽታ ላለባቸው አንዳንድ ልጆች ቶሎ ቶሎ ብልጭ የሚል መብራት በሽታውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል እነሱን ከመብራቱ ማራቅ ይሻላል።

የሚሽከረከረው መብራት ግን ብዙ ሰው እንደሚመስለው ብልጭ ድርግም አይልም። አምፖሉ ሳይጠፋ ይበራል፤ የሚዞረው ከጎኑ ያለው መስታወት ነው። የኸላዋ ሞተር ደህና ነበር፤ የተበጠሰውን ላስቲክ በካሴት ቴፕ ቺንጊያ ተካሁት። የቀራት ሰማያዊው ሽፋን ነው፤ ተሰብሮ ነው የመጣው። ልጅቷ «ቀይ እናድርገው» ትላለች፣ እኔ ሰማያዊ እላለሁ። ሁለታችንም ልክ ነን፤ በጠራራ ፀሐይ ቀዩ ጎልቶ ይታያል፣ ሲጨልም ደግሞ ዓይናችን ቀዩን እያደበዘዘ ሰማያዊውን ያጎላል። ብዙ አምቡላንስ ሁለቱንም የሚይዘው ስለዚህ ይመስለኛል። የሚሆን ፕላስቲክ ደሴ የሚሄድ ሹፌር ሊፈልግልኝ ቃል ገብቷል። እስከዚያ የማር ብርጭቆ ደፍተንባታል። መብራት በጠፋ ማታ በመኪና ባትሪ እናበራታለን፤ ነጩ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲዞር የልጅ ልጄ ሰዓት ይዛ ትቆጥራለች። ባለፈው በደቂቃ 120 ደርሳለች፤ እናቷ 118 ነው ብላ ትከራከራለች።